ሰባተኛዋ ፍሬ

ዑዘይርን መጀመሪያ ያየሁት በስልክ ነው፤ አባቴን ሌባ ሲያደርገው።

ቪዲዮውን ያሳዩኝ ጋሽ ተክላይ ናቸው። እሳቸውም ወርቅ ሰሪ ናቸው፤ ሱቃቸው ከእኛ ሱቅ ጋር ግድግዳ ይጋራል። ስልካቸውን ባንኮኒው ላይ አስቀምጠው «እይው፤ ግን ሐጂ እንዳያዩት» አሉኝ። ሐጂ የሚሉት አባቴን፣ ሐጂ ሰላሀዲንን ነው። አባቴ ከኋላ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ጋዙን ለኩሶ እየሠራ ስለነበር ድምፁን ቀነስኩት።

አንድ ቀጭን፣ ነጭ ጋዋን የለበሰ ወጣት ማይክ ይዞ ቆሟል። ቦታው ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ዓምና የተከፈተው የሳይንስ ማዕከል ነው። ባለ መስታወት፣ ባለ ጥበቃ፣ ባለ ሣር ሕንፃ። ተማሪዎች በዓመት አንዴ በአውቶቡስ ተጭነው ይመጡና ይመለሳሉ እንጂ የሰፈር ሰው ደጁን ረግጦ አያውቅም። እናም ሰው እንዲገባላቸው ብለው «ወርቅዎ እውነተኛ ነው?» የሚል የቅዳሜ ዝግጅት ጀመሩ። ጌጥህን ይዘህ ትመጣለህ፤ ልጁ ይመዝነዋል፣ ውሃ ውስጥ ይነክረዋል፣ ክብደቱን ለገፋው ውሃ ያካፍላል። አባቴ የሚሠራበት ዓይነት ጥሩ ወርቅ ከሆነ ቁጥሩ አሥራ ሰባት ገደማ ይወጣል።

ተራው የደረሳቸው ወይዘሮ ዐፊፋ ነበሩ፤ የሃያ ዓመት ደንበኛችን። ለልጃቸው ሙሽራ ያሠሩትን አምባር ይዘው፣ ሊኩራሩበት፣ እየሳቁ መድረክ ላይ ወጡ። አምባሩን አውቀዋለሁ። ከላዩ ሰባት ድቡልቡል ፍሬዎች የተደረደሩበት የአባቴ ሥራ ነው። ልጁ ነከረው። ሰሌዳው ላይ የወጣው ቁጥር አምስት ነበር።

«እናቴ፣ አዝናለሁ። ይሄ ወርቅ ሊሆን አይችልም» አለ ልጁ ፈገግ እያለ። «ማን ነው የሠራልዎት?»

ወይዘሮ ዐፊፋ የአባቴን ስም በማይክ ተናገሩ። አዳራሹ «ኡኡ!» ብሎ ሳቀ፤ ከዚያ ተጨበጨበ። ያን ጭብጨባ እስከ ዛሬ ድረስ ሳስበው ፊቴ ይግላል።

በማግስቱ ወይዘሮ ዐፊፋ መጥተው አምባሩን ባንኮኒው ላይ ወረወሩት። «ሐጂ፣ የሙሽራዋ እናት እኮ ስልክ ደውላ ሳቀችብኝ! እኔ እርስዎን እንደ ወንድሜ አልነበረም የማይዎት?» አሉ። አባቴ አልተከራከራቸውም። የከፈሉትን መለሰላቸው፣ አምባሩን በሁለት እጁ አነሳው፣ ወደ ኋላ ክፍል ገባ።

ተከትዬው ገባሁ። ሞረዱን አንስቶ ከአምባሩ ውስጠኛ ጎን ላይ የራሱን ማኅተም ሲሞርድ ደረስኩ። አያቴ ይመታበት የነበረው፣ አባቴም በሠራው ሁሉ ላይ የሚመታው ትንሽዬ ማኅተም ነው። ፍቆ ሲጨርስ ማኅተም መምቻውን ብረት በቆርቆሮ አደረገና መሳቢያ ውስጥ ቆለፈበት።

«አባዬ፣ ለምን አታስረዳቸውም?»

«ፍሬው ውስጡ ባዶ መሆኑን የማያውቅ ወርቅ ሰሪ የለም» አለ።

«እነሱ ወርቅ ሰሪ አይደሉማ!»

«እንግዲያው ለምን ፈረዱ?»

ነገሩ ግን ይሄ ነው፦ እያንዳንዷ ፍሬ ሁለት ግማሽ ቅል ሆና ትሠራና ትበየዳለች። አየሩ በእሳት ሲግል እንዳያፈነዳት አንዲት የመርፌ ቀዳዳ ይተውላታል፤ መጨረሻ ላይ ያቺ ቀዳዳ ትደፈናለች። የአባቴ እጅ የሚታወቀው በዚያች ቀዳዳ ነው፤ የት እንደነበረች በአጉሊ መነጽርም አታገኛትም። የምንሸጠው በግራም ስለሆነ ማንም አይታለልም። እንዲያውም ወይዘሮ ዐፊፋ ትልቅ መስሎ ቀለል የሚል አምባር ሥሩልኝ ያሉት ራሳቸው ናቸው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አባቴ አንድም ጌጥ አልሠራም። ማኅተም የሌለው ሥራ አልሸጥም አለ፤ ማኅተሙን ደግሞ አላወጣም አለ። እናቴ ከሞተች ወዲህ በእግሩ ያቆመው ያ ሥራ ነበር። ባዶ እጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ሲውል ማየት አልቻልኩም።

ስለዚህ ወደ ማዕከሉ ሄድኩ።

ልጁ ባዶ አዳራሽ ውስጥ ወንበር ይደረድር ነበር። ብቻውን ነው። ከቪዲዮው ይልቅ ረዘም ይላል።

«እህቴ፣ ዝግጅቱ ቅዳሜ ነው» አለኝ።

«እህትህ አይደለሁም። የሌባው ልጅ ነኝ።»

ወንበሩን እንደያዘ ቆመ። «የየትኛው... ኧረ እኔ ማንንም ሌባ አላልኩም። ውጤቱ ነው እንጂ...»

«ናስ ስንት ነው?»

«ምን?»

«ናስ ነዋ! አንተ ውሃ ውስጥ ብትነክረው ስንት ይወጣል?»

«ስምንት ተኩል አካባቢ።»

«ብረትስ?»

«ስምንት ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል።»

«የአባቴ አምባር አምስት ወጣ። ከናስ አነሰ፤ ከብረትም አነሰ። ታዲያ አባቴ በምን ሠራው? በሳሙና?»

ዓይኑ ሰሌዳው ላይ ሄደ፤ ቁጥሩ ከጠፋ ሰንብቷል፣ እሱ ግን እዚያው የሚያነበው ይመስል ነበር። ጆሮው ሲቀላ አየሁ። ሲገባው ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ ከልቡ ነው የደነገጠው። ዓይኖቹ ደግሞ ቆንጆ ነበሩ። ይህን በማየቴ በራሴ ተናደድኩ።

«ፍሬዎቹ ውስጣቸው ባዶ ነው?» አለ ቀስ ብሎ።

«አሁን ገባህ?»

«የተዘጋው አየርም ውሃ ገፍቷል ማለት ነው። ወርቁ ወርቅ ነው።» ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። «ሰዉ እያጨበጨበ ነበር። መለስ ብዬ ቁጥሩን አላሰብኩበትም።»

«ስለተጨበጨበልህ ሰው ትቀብራለህ?»

«አስተካክለዋለሁ። በዚያው መድረክ፣ በዚያው ማይክ። ቅዳሜ። ዑዘይር እባላለሁ።»

«ስምህን አልጠየቅኩህም» ብዬ ወጣሁ።

ቅዳሜ ሄጄ ከኋላ ቆምኩ። ዑዘይር ስለ ማግኔት አስተማረ። ስለ አባቴ አንድም ቃል አልተነፈሰም። አንዴ ዓይኑ ዓይኔን አገኘውና ወዲያው ሸሸ። የማዕከሉ ኃላፊ ወይዘሮ እፀገነት «ተሳስተን ነበር ካልን ነገ ማን ያምነናል?» ብለው እንደከለከሉትና የሥራ ውሉ ሊታደስ ሁለት ሳምንት ብቻ እንደቀረው በኋላ ነው የሰማሁት። ያኔ ብሰማውም አልምረውም ነበር።

ማዕከሉ ስህተቱን እንዳላረመ በወርቅ ሰሪዎቹ መንደር ተሰማ። ያን ጊዜ ፒያሳ ማዕከሉ ላይ ፊቷን አዞረች። ሠራተኞቹ ካፌ ሲገቡ፣ ገና በጠዋቱ «ማኪያቶ አልቋል» ይባላሉ። ፎቶ ኮፒ ቤት ሲሄዱ ማሽኑ ይበላሻል። ታክሲ ተራ ላይ ረዳቶቹ መታወቂያ አንጠልጥሎ የመጣውን ሁሉ «ወርቅ መርማሪዎች፣ በእግር!» እያሉ ሙድ ይይዙበት ነበር። አንድ የሠፈራችን አዛውንት ደግሞ የማዕከሉን ጥበቃ በየጠዋቱ ደህና አደርክ ማለት አቆሙ። እውነት ለመናገር ደስ ብሎኛል።

ወይዘሮ እፀገነት ደብዳቤ በተኑ። «ከአካባቢው ባለድርሻ አካላት ጋር የሚደረግ የአጋርነት የምክክር መድረክ» ይላል። አባቴ አልሄድም አለ፤ እኔ ሄድኩ። ጋሽ ተክላይም፣ ሌሎች አሥር የሚሆኑ ወርቅ ሰሪዎችም ሄዱ። በየወንበሩ ላይ የታሸገ ውሃና እስክሪብቶ ተቀምጧል። ወይዘሮ እፀገነት ስለ ትስስር፣ ስለ ማኅበረሰብ፣ ስለ መግባቢያ ሰነድ ሦስት ሩብ ሰዓት ያህል ተናገሩ። ዑዘይር ጥግ ላይ ኮምፒውተሩን ይጫናል።

ጋሽ ተክላይ እጃቸውን አወጡ። «ወይዘሮ፣ አንድ ነገር ይግለጹልኝ። አጋር የሚሉት አብሮ የሚሠራውን ነው ወይስ አብሮ ፎቶ የሚነሳውን?»

«አብሮ የሚሠራውን ነው እንጂ።»

«እንግዲያው ወርቅ ልትፈትኑ ስትነሱ አንድ ወርቅ ሰሪ ጠይቃችኋል? ስልሳ እርምጃ ነው ያለነው። ብትጠሩን በነጠላ ጫማ እንመጣ ነበር።»

ሳቅ ተነሳ፤ ደስ የማይል ሳቅ። ወይዘሮ እፀገነት ፊታቸው ተለወጠ። «ያለፈው አልፏል፤ ወደፊት እንመልከት» አሉ።

ተነሳሁ። «አላለፈም። አባቴ እጁን አጣጥፎ ቤት ተቀምጧል። የመግባቢያ ሰነድ አንፈልግም። አንዲት ዓረፍተ ነገር ነው የምንፈልገው፤ ተሳስተን ነበር በሉ።»

«ጉዳዩን በሂደት እናየዋለን።»

ዑዘይርን አየሁት። አዳራሹ ሁሉ ያየው መሰለኝ። አፉን ከፈተ፤ ወይዘሮ እፀገነት ዞር ብለው አዩት፤ ዘጋው። የታሸገውን ውሃ ጠረጴዛው ላይ እንደነበረ ትቼ ወጣሁ። ሌሎቹም ተከተሉኝ። ደረጃው ላይ ስደርስ «ጁወይሪያ!» ብሎ ጠራኝ። ስሜን ከየት እንዳገኘው እንጃ።

«ፈሪ!» አልኩት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ሲመሽ ግን ሳስበው የዋልኩት ስለ አባቴ ብቻ እንዳልነበረ ገባኝ። ያ ልጅ እንዲናገር ፈልጌ ነበር። ያ ልጅ ጥሩ ሰው እንዲሆን ፈልጌ ነበር፣ ባይሆንብኝ ደግሞ አለቀስኩ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ ገበያው በደመቀበት ሰዓት፣ ዑዘይር ሱቃችን ፊት ለፊት አስፋልቱ ዳር ላይ መጣ። ጋዋን አልለበሰም። ሚዛን፣ ብልቃጥና አንድ ጆግ ውሃ ተሸክሟል። የሊስትሮ ሳጥን ለምኖ ዕቃውን ደረደረበት።

«ምን ልትሠራ ነው?» አልኩት ከበር ላይ።

«ማይኩን ከለከሉኝ። ስለዚህ እጮሃለሁ።» ሚዛኑን አስተካከለ። «አምባሩን ስጪኝ።»

«አልሰጥህም!»

«ጁወይሪያ፣ አንዴ ብቻ እመኚኝ።»

ሰው መሰብሰብ ጀምሯል። ብከለክል የፈራን ይመስላል። ሰጠሁት። መዘነ፣ ነከረ፣ አካፈለና በጠመኔ አስፋልቱ ላይ ጻፈው። አምስት።

«ይኸው!» አለ ከኋላ አንዱ። «ራሱ መሰከረ! አቦ ልቀቁን!»

«ቁጥሩ ትክክል ነው» ብሎ ጮኸ ዑዘይር። «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ! ፍሬዎቹ ውስጣቸው ባዶ ነው፤ አየሩን እንደ ወርቅ ነው የቆጠርኩት። ሐጂ ሰላሀዲን ማንንም አላታለሉም። ደደቡ እኔ ነኝ!»

«ስንት ከፈሉህ?» አለ ሌላው።

«ባዶ መሆኑን በምን እናውቃለን?» አለች አንዲት ሴት፤ ክፋት አልነበረባትም፣ የምሯን ነው የጠየቀችው።

መልሱ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በዑዘይር እጅ አልነበረም። ቆሞ ቀረ፤ ሰዉ ይስቃል፤ አንድ ሰው ጆጉን በእግሩ ገፋው። ያኔ መጋረጃው ተገለጠና አባቴ ወጣ። ከስንት ቀን በኋላ ሽርጡን ታጥቋል። በእጁ ቀጭኗን መጋዝ ይዟል።

«አባዬ፣ አይሆንም» አልኩ። ምን ሊያደርግ እንደሆነ ገብቶኛል። በሕይወቱ የራሱን ሥራ አፍርሶ አያውቅም።

አልሰማኝም። የሊስትሮው ሳጥን ፊት በርከክ ብሎ አምባሩን ተቀበለ፣ በአውራ ጣቱ ቆጥሮ ሰባተኛዋን ፍሬ መረጠ፣ ቆረጣት። መሐል ለመሐል ከፈላትና ሁለቱን ግማሾች መዳፉ ላይ አድርጎ ለሰዉ አዞረ። ውስጣቸው እንደ እንቁላል ቅርፊት ነበር። ዑዘይር ግማሾቹን በቀጭኑ ብልቃጥ ነከረ፤ ሁለቴ ለካ። አስፋልቱ ላይ አሥራ ሰባት ብሎ ጻፈ።

ሰዉ ቀስ በቀስ ተበተነ። ያጨበጨበ አልነበረም። አባቴ ተነስቶ ጉልበቱን አራገፈ።

«ስምህ ማን ነው?»

«ዑዘይር እባላለሁ፣ ሐጂ። ይቅር—»

«ዑዘይር፣ ይህችን ፍሬ ያስቆረጥከኝ አንተ ነህ። መልሰህ ትሠራታለህ።»

«እኔ? እኔ እኮ ወርቅ ሠርቼ አላውቅም፣ ሐጂ።»

«ፈትነህስ ታውቅ ነበር?» አለ አባቴ። ወደ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ዞር ብሎ ጨመረ፤ «አምባሩ ሰባት ፍሬ እስኪሞላ ድረስ ማኅተሜን አላወጣም።»

የዑዘይር ውል አልታደሰም። ስለዚህ ሰኞ ጠዋት እኛ ሱቅ መጥቶ ተቀመጠ፤ ማክሰኞም፣ ረቡዕም። አባቴ መጀመሪያ መዳብ ሰጠው። መዳቡን ቀጥቅጦ ማሳሳት፣ ቅሉን በመዶሻ ማጉበጥ፣ መሞረድ። ሲሳሳት አይቆጣውም፤ ዝም ብሎ ይወስድበትና ያቀልጠዋል። ከቁጣ የባሰ ነው።

እኔም አላናግረውም ነበር። ባንኮኒው ጋ ተቀምጬ ጀርባውን አያለሁ። ደንበኛ ሲገባ «ይሄ ያ ልጅ አይደለም እንዴ?» ይላል፤ «ነው፤ ቅጣቱን እየጨረሰ ነው» እላለሁ፣ እንዲሰማ።

በሁለተኛው ሳምንት የመጀመሪያዋ ፍሬው ፈነዳች። የመርፌ ቀዳዳውን ረስቶ ነው። ድምፁ የጥይት ያህል ነበር፤ ጋሽ ተክላይ በግድግዳው በኩል «ማን ሞተ?» ብለው ጮኹ። ሮጬ ስገባ ዑዘይር ሁለት ጣቱን ይዞ ቆሟል። አባቴ ሶላት ሄዶ ነበር።

የጥርስ ሳሙና አመጣሁና ጣቱን ቀባሁት። «ፊዚክስ የተማረ ሰው አየር ሲሞቅ እንደሚሰፋ አያውቅም?»

«አውቃለሁ። ፈተና ላይ ጽፌዋለሁ።»

«ስንት አመጣህ?»

«መቶ» አለ በሥቃይ እየሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ልመልሰው ብሞክርም አመለጠኝ። ጣቱን እንደያዝኩ ነበር። ጋዙ ቀስ እያለ ይንሿሿል። ዓይኑን ከጣቱ ላይ አንስቶ አየኝ፤ በዚህ ጊዜ አልሸሸም።

«እዚያ ደረጃ ላይ ፈሪ ያልሽኝ ልክ ነበርሽ» አለ። «ውሌን ነበር የፈራሁት። ከዚያ በኋላ ግን ሌላ ነገር ፈራሁ።»

«ምን?»

«ዕድሜሽን ሙሉ እንደዚያ እንዳታስቢኝ።»

ጣቱን ለቀቅኩት። «እስካሁንም እንደዚያው ነው የማስብህ» አልኩና ወደ ባንኮኒዬ ተመለስኩ። ውሸት ነበር። ወደድኩት ብዬ ለራሴ የተናገርኩት የዚያን ቀን ነው፤ ደስ ሳይለኝ ነው የተናገርኩት።

ሁለተኛዋ ፍሬ ተበየደች፣ ተደፈነች፣ አማረች። አባቴ ሙቅ ውሃ ውስጥ ጣላት። ከጎኗ ቀጭን የአረፋ ክር ወጣ። አባቴ አወጣና አቀለጣት። ሦስተኛዋም አረፋ አወጣች። አራተኛዋም።

ወይዘሮ እፀገነት በሁለተኛው ወር መጡ። ሰው በስልኩ የቀረጸው የሊስትሮ ሳጥኑ ቪዲዮ ከመጀመሪያው የበለጠ ተሰራጭቶ ነበር፤ ማዕከሉ የሚገባ ሰው ሁሉ «ያ ወርቅ የሚፈትነው ልጅ የታለ? ወርቅ ሰሪውስ?» እያለ ይጠይቃል፤ የለም ሲባል ይወጣል። ሴትዮዋ ይህን የነገሩን ቆመው ነው፤ እኔም ወንበር አላቀረብኩላቸውም።

«ዑዘይርን ልንመልሰው እንፈልጋለን። ከእናንተም ጋር አንድ የጋራ ነገር ብንጀምር ብዬ ነው፣ ሐጂ።»

አባቴ የዑዘይርን መዳብ ከሚመረምርበት ቀና አላለም። «ምን ዓይነት ነገር?»

«እናንተው ንገሩኝ» አሉ። ከብዷቸዋል፤ እንዲህ ብለው የሚያውቁ አይመስለኝም።

«በየቅዳሜው እኛ አንድ ጠረጴዛ እንይዛለን» አለ አባቴ። «ከመንደሩ ተራ በተራ። ሰው ጌጥ ሲያመጣ መጀመሪያ እኛ አሠራሩን እንናገራለን፣ ከዚያ እናንተ ትለካላችሁ። እኛም የማናውቀው ብዙ አለ፤ እሳቱ ለምን እንዲህ እንደሚያደርግ፣ ብየዳው ለምን እንደሚጠቁር። ያን ትመልሱልናላችሁ። የሁለቱ ግማሽ ፍሬዎች ፎቶ ደግሞ መግቢያው ላይ ይሰቀላል፤ ከሥሩ ‹ተሳስተን ነበር› ተብሎ ይጻፋል።»

«መግቢያው ላይ? ሐጂ፣ ውስጥ አንድ ቦታ ብናደርገውስ?»

«ጁወይሪያ፣ ወይዘሮን ሸኚያቸው።»

በሩ ጋ ስንደርስ ቆሙ። «እሺ፣ መግቢያው ላይ» አሉ፤ ተሸንፈው ሳይሆን ደክሟቸው። ጋሽ ተክላይ ከጎረቤት ሆነው «ፎቶ ግን አብረን አንነሳም!» አሉ። ወይዘሮ እፀገነት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቁ አየኋቸው። እስካሁንም አልወዳቸውም፤ ጽሑፉ ግን በቃላቸው መሠረት ተሰቅሏል።

ዑዘይር ወደ ማዕከሉ ተመለሰ። ከሰዓት በኋላ ግን እየመጣ መሥራቱን አልተወም። አባቴ መዳቡን ትቶ የተቆረጠችውን ፍሬ ወርቅ አቀለጠለት። «መሳሳት የምትችለው አንዴ ነው» አለው። ዑዘይር ሦስት ሳምንት ሙሉ ሳይነካው አስቀመጠው።

ከዚያ በኋላ አንድ እሑድ ሽማግሌዎች መጡ። ከደሴ የመጡ የዑዘይር አጎትና አንድ የሰፈራቸው ሰው ናቸው። ከኋላቸው ኮት የለበሱ ጋሽ ተክላይን ሳይ ዓይኔን ማመን አቃተኝ።

«ጋሽዬ! እርስዎ በእነሱ ወገን?»

«ልጄ፣ ግድግዳው ስስ ነው። ሁሉንም እሰማለሁ» አሉኝ።

አጎቱ ወጉን ጠብቀው፣ በክብር፣ ልጃችን ልጅዎን ይጠይቃል አሉ። አባቴ አዳመጠ። ከዚያ ዑዘይርን አየና «ፍሬዋ የት አለች?» አለው።

ዑዘይር በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለውን አምባር አወጣ። ሰባት ፍሬ ነበረው። ሰባተኛዋን ከቦታዋ በይዶ፣ ቀዳዳዋን ደፍኖ ጨርሷል። አባቴ ሙቅ ውሃ በመስታወት ሳህን አስመጣና አምባሩን አሰጠመው። ሽማግሌዎቹም፣ እኔም፣ ጋሽ ተክላይም አንገታችንን አስግገን ቆምን። ዑዘይር ብቻ አላየም፤ መሬት መሬቱን ያያል።

ጠበቅን። ውሃው ረጋ። አረፋ አልወጣም። አባቴ አሁንም ጠበቀ፤ ውሃው እስኪቀዘቅዝ ድረስ ጠበቀ። ከዚያ አምባሩን አውጥቶ በሽርጡ አደረቀ፣ አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ አድርጎ ፍሬዋን ዙሪያዋን አገላበጠ። የመርፌዋን ቀዳዳ ይፈልግ ነበር። ረጅም ጊዜ ፈለጋት። መነጽሩን ሲያወርድ ዓይኑ እርጥብ ነበር።

ተነስቶ መሳቢያውን ከፈተ። ቆርቆሮውን አወጣ። የማኅተም ብረቱን አምባሩ ላይ፣ ያን ቀን ሞርዶ ያጠፋው ቦታ ላይ፣ አቆመው። በሌላ እጁ መዶሻውን ያዘና ወደ እኔ ቀና አለ።

«ጁወይሪያ። ይሄን ከመታሁት ሥራው አለቀ ማለት ነው። አምባሩ ያንቺ ነው፣ ከነሠሪው። የማትፈልጊው ከሆነ አሁኑኑ ተናገሪ።»

ዑዘይር ያኔ ቀና አለ። አዳራሽ ውስጥ ያየሁት ያው ዓይን ነው፤ በሰው ፊት አባቴን ያዋረደ፣ በሰው ፊት ራሱን ያዋረደ። ስንት ወር ሙሉ ያጠራቀምኩት ስድብ ሁሉ አፌ ላይ መጥቶ ነበር። አንዱም አልወጣም።

«ምታው፣ አባዬ» አልኩ።

አባቴ መታው።